ከሩቅ ሦስት፣ ከቅርብ ዝም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ልጆቹ ሞተር ላይ አስቀምጠው ፎቶ አነሱኝ። ልጆቹ የምለው ሞተር ያስተማርኳቸውን የቢሮ ሠራተኞች ነው እንጂ አንዳንዶቹ የልጆች አባት ናቸው። ፎቶው አሁን ሳሎን ተሰቅሏል። ባለቤቴ ባየችው ቁጥር "ምናለ ትንሽ ፈገግ ብትል" ትላለች። እውነቷን ነው፤ ለቅሶ ቤት የተነሳሁ ነው የምመስለው።

ባለፈው አንድ ጎረቤቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ ፎቶው ፊት ለፊት ተተክሎ ቀረ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ሽቦ ካየ አያልፍም። "ታደሰ፣ መሪው ጎን የገጠምካት ይቺ የቤት መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ምን ትሠራለች?" አለኝ። "ክላክስ ታጠፋለች" አልኩት። "ክላክስ ደግሞ ለምን ይጠፋል?" ብሎ ሳቀብኝ። ያን ቀን ወሬ ቀየርኩ። የሥራ ዘመኔን ጻፍ ጻፍ ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች አሉ፤ እንግዲህ ከዚያች ማብሪያ ማጥፊያ ልጀምርላቸው።

እኔ ጅጅጋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አያቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ ቀረ፣ አባቴ እዚሁ የቢሮ ጸሐፊ ሆነ፣ እኔ ደግሞ እዚሁ የእንስሳት ቢሮ ጋራዥ ገብቼ ዘይት ስቀባ አረጀሁ። አማርኛ ቤት ውስጥ፣ ሶማሊኛ ሰፈር ውስጥ ነው የተማርኩት። ደመወዙን አታንሱብኝ። የዕድገት ደብዳቤዬ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲንከራተት እኔ ጡረታ ደረስኩ፤ በዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማችን ላይ የደረሰውን ሁከት ያልሰማ የለም፤ እሱን አቅሙ ያለው ሰው ይጻፈው። ነገሩ ሲረጋጋ የእኛ ቢሮ የሚንቀሳቀስ መኪና አልነበረውም ማለት ይቻላል። ትንሽ ቆይቶ ሞተር ሳይክሎች መጡ። እንስሳት የሚከትቡት ባለሙያዎች ከዚህ በኋላ ወደየወረዳው በሞተር ነው የሚሄዱት ተባለ። ኃላፊያችን ጠርቶኝ "አንተ ሜካኒክ ነህ፣ ሶማሊኛም ትችላለህ፣ መንዳት ታስተምራቸዋለህ" አለኝ። ሞተር መንዳት እንደማንኛውም ሰው እችላለሁ፤ ማስተማር ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ብነግረው "አዴር ኑርን ጠይቅ" ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ።

አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እኛም የከተማው ሰዎች ተለቅ ያለን ሰው እንዲያ ነው የምንጠራው። አዴር ኑር የቢሮው ደብዳቤ አመላላሽ ነበሩ። ከዚያ በፊት በጭነት መኪና ደምበልን አልፈው እስከ ድሬዳዋ ሲመላለሱ ዘመናቸውን የፈጁ፣ ከዚያም በፊት በልጅነታቸው ግመል ያገዱ ሰው ናቸው። ቀጭን ናቸው፣ ጺማቸውን ሂና ይቀባሉ፣ ብዙ አይናገሩም። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ጊዜ ቀርቷቸው ነበር። "ያስተምሩኝ" ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ነገ በእግርህ ና" አሉ።

በማግስቱ በእግሬ ሄድኩ። የወሰዱኝ በአውበሬ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚሰማራ የፍየልና የበግ መንጋ ነው። ከመንጋው ኋላ አቧራ እየቃምን ጥቂት ተጓዝን። ሳልናገር አላለፍኩም፤ "አዴር፣ እኔ ሞተር ላስተምር እንጂ እረኛ ልሆን ነው እንዴ?" አልኳቸው። "ሞተሩ ማንን ያስቸግራል፤ የሚያስቸግረው ይሄ ነው" አሉና በዱላቸው መንጋውን አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም የማስተምረውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከመንጋ ኋላ በእግሩ አስኬደዋለሁ። ይነጫነጫሉ፤ ይነጫነጩ።

እሳቸው ያስተማሩኝ በመጽሐፍ ያለ አይመስለኝም። አንዲት ፍየል መንገድ ከተሻገረች ሌሎቹም ሊሻገሩ ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ባዶ ነው ብለህ አትለፍ። በግ ተሻግራ ትጨርስና ጓደኛዬ ቀረች ብላ ትመለሳለች። አህያ ክላክስ ሲሰማ ጆሮውን እንጂ እግሩን አያነሳም። ከርከሮ በሰልፍ ነው የሚሮጠው፤ የመጨረሻው አለፈ ስትል አንድ ይቀራል። ባቢሌ አካባቢ ዝንጀሮ ካየህ ሻንጣህን እንጂ ዝንጀሮውን አትይ። ግመል ካየህ ግልገሏ የት እንዳለ ፈልግ፤ እናቲቱ በግራ፣ ልጇ በቀኝ ከሆኑ በመካከላቸው ለማለፍ እንዳታስብ። ኮረት ላይ የፊት ፍሬን አትንካ፤ ማርሽ ቀንስና በኋላው ያዝ። ለመሄድ የምትፈልግበትን እንጂ የፈራኸውን አትይ፤ ዓይን የሄደበት ሞተሩም ይሄዳል።

ኤሊ መንገድ ላይ ካገኙ ቆመው ይወርዳሉ። ኤሊዋን አንስተው ፊቷን ወዳዞረችበት ወገን ያሻግሯታል። እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ ወደመጣችበት ልመልሳት ስል እጄን ያዙኝና "ወደዚያ ነው የምትሄደው፤ አንተ ስትሄድ ተመልሳ ትመጣለች" አሉኝ። ጠዋት ሞተር ላይ ከመውጣታቸው በፊት ዙሪያውን አንዴ ይዞሩታል፣ ካቴናውን በጣታቸው ያነሱታል፣ ጎማውን በመዳፋቸው ይደባብሱታል። ሄልሜታቸውን የሚያወልቁት ለሶላት ብቻ ነበር።

ከሁሉም በላይ የታወቁበት ግን ክላክሳቸው ነው። "ከሩቅ ሦስት፣ ከቅርብ ዝም" ይላሉ። መንጋውን ገና ከሩቅ ስታይ ሦስት ጊዜ አጭር አጭር ክላክስ ታደርጋለህ። እንስሳቱ ቀና ይላሉ፣ ይሰሙሃል፣ አንዱን ወገን ይመርጣሉ። አንተ ቀስ እያልክ እስክትደርስ መንገዱ ተከፍቷል። ከቅርብ ግን ጣትህን እንዳታስጠጋ፤ ከቅርብ የጮኸበት እንስሳ ይደነብራል፣ የደነበረ እንስሳ ደግሞ ወዴት እንደሚዘል ራሱም አያውቅም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ከጅጅጋ እስከ አውበሬ፣ ከባቢሌ እስከ ደምበል ያለ የመንግሥት ሞተረኛ ሁሉ በዚህ ነው የሚነዳው። ያልተማረውም ከተማረው ሰምቶ ያደርገዋል። ይሠራ ነበር፤ ዓይኔ አይቷል። ያን የመሰለ ግርግር የሞላበት፣ ወደ ጠረፍ የሚወስደው የውጫሌ መንገድ፣ የጫት መኪና እንደ ጥይት በሚያልፍበት፣ እኔ በዚህ ሕግ አንዲት ፍየል ሳልነካ ተመላልሼበታለሁ።

አዴር ጡረታ ሲወጡ ጋራዡ ባዶ ሆነብኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጃቸውን ይዘው መጡ።

ሆዳን የእንስሳት ጤና ተምራ ገና መመረቋ ነው፤ ቢሮው ቀጥሯት የደምበል መስመር ደርሷት ነበር። ረዘም ያለች፣ እንደ አባቷ ቀጭን፣ እንደ አባቷ ያልሆነው ግን አፏ ነው፤ ወሬ አይበቃትም። "ታዴ፣ አንተ አስተምራት" አሉኝ አዴር። "እርስዎ እያሉ እኔ ምን ቆርጦኝ?" ብላቸው "እኔ እሳሳላታለሁ። የሚሳሳ ሰው አያስተምርም" አሉ። ሆዳንም ከኋላቸው ሆና "ጋሽ ታደሰ፣ አባዬ ከኤሊ በቀር ማንንም አያሞላቅቅም፣ አትስማው" አለችኝ። የዚያን ቀን ብቻ ነው አዴር ኑር በጋራዡ ግቢ ሲስቁ ያየሁት።

በሰፈሩ የሚያጉረመርም አልጠፋም፤ ሴት ልጅ ሞተር ላይ ምን አስወጣት የሚል። አባቷ መልስ አይሰጡም። እሷ ግን ትሰጥ ነበር። አንዱ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቁሞ ሲገስጻት "አባት፣ ግመልዎ ቢታመም ሞተሩን ላቁመውና በእግሬ ልምጣ?" ብላ ሽማግሌውን አስቃ አልፋለች።

በማስተማር ዘመኔ እንደ ሆዳን ያለ ሰው አላጋጠመኝም። የተነገራትን አንድ ጊዜ ነው የምትሰማው። ከመንጋ ኋላ በእግሯ ስትሄድ ያልተነጫነጨች እሷ ብቻ ናት፤ ጭራሽ እረኞቹን ስለ ከብቶቻቸው ሕመም እየጠየቀች አስረፈደችኝ። ሄልሜቷን ሻርፗ ላይ በደንብ ታስራለች፣ ቦት ጫማዋን ሳታጠልቅ አትነሳም፣ የክትባት ሳጥኗን ከኋላ አስራ እንዳይወዛወዝ ሁለቴ ትፈትሻለች። ክላክሷን ደግሞ ከሩቅ ስሰማ አዴር ናቸው እስክል ድረስ ነበር፤ አጭር፣ አጭር፣ አጭር። ከዚያ ዝም።

ከዚያ ድርቁ መጣ።

ድርቅ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ይህኛው ግን አንዱ ዝናብ ቀረ ሲሉ ቀጣዩም እየቀረ ሰውን ተስፋ ያሳጣ ነበር። በየመንገዱ ዳር የወደቀ ከብት ማየት ለመድን። ሰው ሞተር ሲነዳ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ባያይ የሚመርጥበት ጊዜ ነበር። ብርካዎቹ፣ ማለቴ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች፣ ደርቀው ተሰነጣጠቁ። ውሃ በቦቴ ይመላለስ ጀመር። የቦቴው ሾፌር መንደሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ከሩቅ ክላክስ ያደርጋል፤ ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ እንዲጠብቀው ነው። ከሰዉ ቀድመው የሚደርሱት ግን እንስሳቱ ነበሩ። ቧንቧው ሲፈታ ከሚንጠባጠበው ከመሬት ይልሱ ነበር።

በዚያ ሰሞን አውበሬ በኩል ስሄድ የተወሰኑ ፍየሎች ሞተሬን ተከትለው እየሮጡ ሸኙኝ። "ዛሬስ ወደዱኝ" ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ረሃብ ያሳበዳቸው ነው ብዬ ረሳሁት።

ሆዳን የሞተችው ጠዋት ነው። ከጅጅጋ ወደ ደምበል እየሄደች ነበር፤ ድርቁ ላዳከማቸው ግመሎች ክትባት ይዛ። ስልክ የደወለልኝ በዚያ ያለፈ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሞተሩ ላይ የጻፍኩትን የጋራዡን ቁጥር አይቶ። እኔ ስደርስ እሷን ወደ ሐኪም ይዘዋት ሄደዋል፤ መንገድ ላይ ማለፏን የሰማሁት በኋላ ነው። ሞተሩ በጎኑ ተኝቷል። የክትባት ሳጥኑ አልተከፈተም፤ እንዳሰረችው ነበር። ሄልሜቷን አንድ ሰው ድንጋይ ላይ አስቀምጦት አገኘሁት። ከሁሉም የገደለኝ እሱ ነው፤ አንዲት ጭረት የለበትም። የመታት ደረቷን ነው።

ሙያዬ ነውና መሬቱን አየሁ። ምን ላድርግ፣ ማልቀስ አቅቶኝ ነበር። የጎማዋ ምልክት ቀጥ ያለ ነው፤ አልፈጠነችም። ማርሽ ቀንሳ፣ በኋላ ፍሬን ይዛ፣ ልክ እንደሚገባ ነው የመጣችው። የግመሎቹ ዱካ ግን ሊገባኝ አልቻለም። መንገድ የሚሻገር መንጋ ዱካው ከዳር እስከ ዳር ነው። ይህ ግን ከሁለቱም ወገን ተነስቶ መንገዱ መካከል ላይ ነው የሚገናኘው።

ትንሽ ራቅ ብላ ፍየል የምትጠብቅ ሴት ነበረች። ሁሉን አይታለች። ምን ሆነ ብዬ በሶማሊኛ ጠየቅኋት። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ "ጠራቻቸው" አለችኝ።

"ማን? ማንን?"

"ልጅቷ፣ ግመሎቹን። እንደ ቦቴው ጠራቻቸው፤ እየሮጡ መጡ። ልጅቷ ቆመች። ግልገሎቹ ከፊት ገቡባት፣ ትልልቆቹ ከኋላ ገፉ። ሞተሩ ላይዋ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ እነሱ። ውሃ የያዘች መስሏቸው ነው።"

አጭር፣ አጭር፣ አጭር። ከሩቅ ሦስት። ያቺ ልጅ አንዲት ስህተት አልሠራችም። እንስሳቱ እንዲርቁ ሰው ሲያደርገው የኖረው ነገር በአንድ የድርቅ ዘመን እንስሳቱን የሚጠራ ሆኗል። ማናችንም አላየነውም። ሕጉን ከማንም አብልጣ የምታከብረው እሷ ስለሆነች ደረሰባት።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀብሩ ላይ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ግን ለበላይ የሚላክ ወረቀት ነበረበትና የአደጋው ምክንያት የሚለው ላይ "ፍጥነት" ብሎ ሊሞላ ሲል ደረስኩ። "እሱን ከጻፍክ እኔን እዚህ ግቢ አታየኝም" አልኩት። ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠውና "ታዲያ ምን ልጻፍ?" አለኝ። ነገርኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ክላክሱን ከሞተሮቹ ሁሉ እንፍታው ስለው ደግሞ ሕጉ አይፈቅድም፣ ከተማ ውስጥ ያለ ክላክስ የሚሄድ ሞተር ትራፊክ ያስቆመዋል፣ ባጃጅም ይገጨዋል አለ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ ለሞተረኞቹ በአፌ ልንገራቸው ብዬ ሰበሰብኳቸው። ክላክስ ይቅር፣ መንጋ ስታዩ ከሩቅ ቁሙ አልኩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ደህና ነጂ ነው፣ "ጋሽ ታደሰ፣ አዴር ኑር ያሉትን አንተ ልትሽረው ነው? አንዲት የፍየል እረኛ ነገረችኝ ብለህ?" አለኝ። ሌላው "አዴር ራሳቸው ይበሉን" አለ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የታነቀብኝ። አዴር ካልተናገሩ ማንም ክላክሱን አይተውም፣ ድርቁ ደግሞ አላበቃም፣ ነገ ከነዚህ አንዱ እንደ ሆዳን ሊቀርብኝ ነው። አዴር እንዲናገሩ ደግሞ ለአንድ አባት ልጅህን የገደላት አንተ ያስተማርከው ነው ልለው ነው። ይህን በየትኛው አፌ እላለሁ?

የለቅሶው ሰሞን በየቀኑ ከድንኳናቸው እሄዳለሁ። እቀመጣለሁ። ሰዉ ቁርአን ይቀራል፣ አዴር ሂናው የለቀቀ ጺማቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። አፌን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ተነስቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ምግብ ስታቀርብልኝ አልበላም ስላት መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፣ በኋላ ተወችኝ።

ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ከዚህ በላይ ማዘግየት ሌላ ሰው መግደል ነው ብዬ ረፋድ ላይ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። "ታዴ፣ ግባ" አሉኝ። ግቢያቸው ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ስር የራሳቸው አሮጌ ሞተር ቆሟል። እኔ እንዴት እንደምጀምር ሳወጣ ሳወርድ ዓይኔ ልማዱ ነውና ሞተሩ ላይ ሄደ። ከፊት መብራቱ ስር ክላክሱ የለም። የታሰረበት ቡሎን ወልቋል፣ ሁለቱ ሽቦዎች ጫፋቸው በፕላስተር ተጠቅልሏል።

"አዴር፣ ክላክሱስ?" አልኩ።

"አወለቅሁት።"

ከዚያ "ሄጄ ነበር" አሉ።

"የት?"

"ቦታው። ሽማግሌዎች መጡ፣ የግመሎቹ ባለቤቶች፣ በወጉ ሊክሱ። ግመሎቻችሁ ምን እንዳጠፉ እኔ ሳላውቅ ከእናንተ ምንም አልቀበልም አልኳቸው። ከዚያ ሄድኩ። ግመሎቹ እዚያው ናቸው፣ የት ይሄዳሉ። ከሩቅ ቆምኩና ሦስት ጊዜ አደረግሁ፤ እሷ እንዳደረገችው፣ እኔ እንዳስተማርኩት።" እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "መጡ፣ ታዴ። ሮጠው መጡ። እኔ ሞተሩን አጥፍቼ ወርጄ ነበር፣ ስለዚህ አልገፉኝም። ከበቡኝ። አንዷ የነዳጁን ጋን ላሰችው። ውሃ አልያዝኩም ነበር። ልጄም አልያዘችም።"

እዚያ ለሳምንታት እምቢ ያለኝ እንባ መጣ። እሳቸው አላለቀሱም። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"አንተ ታውቃለህ" አሉኝ በመጨረሻ። "ለቅሶው ላይ ፊትህን አየሁት። መቼ ልትነግረኝ ነበር?"

"ዛሬ።"

"ደግ። ለነሱስ መቼ ትነግራቸዋለህ?"

"ነገርኳቸው። አልሰሙኝም። አዴር ራሳቸው ይበሉን አሉኝ።"

በጉንዳን የተወረረ የቴምር ፍሬ መሬት ላይ ነበር፣ በጫማቸው ጫፍ ገፉት። "እኔ አልናገርም" አሉ። "ተናገር ብትለኝ አልችልም። አንተ ተናገር፤ እኔ እመጣለሁ። ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። ሕጉ የእኔ እንደሆነ፣ ልጅቷ የእኔ እንደሆነች ንገራቸው። ስሜን ደብቀህ ከተናገርክ ማንም አይሰማህም።"

"አዴር፣ እንዴት አድርጌ እርስዎ ፊት ተቀምጠው..."

"ስሜን ጥራ አልኩህ" አሉ። ሲቆጡ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንዳሉት አደረግሁ። ሞተረኞቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት አዴር ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው መጡ፣ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ከሩቅ ሦስት የሚለው ሕግ የእኚህ ሰው ነው አልኩ። ሕጉም እስከ ድርቁ ድረስ ሠርቷል አልኩ። አሁን ግን እንስሳቱ ክላክሱን ከቦቴ አይለዩትም፣ ሕጉን ሳታጓድል ፈጽማ የሞተችው ሆዳን ኑር የእሳቸው ልጅ ናት አልኩ። አዴር ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የዚያን ለት የተከራከረኝ ልጅ ቀና ማለት አቅቶት ነበር። አንዷ አዲስ ገቢ ብቻ "ታዲያ መንጋ ሲመጣብን ምን እናድርግ?" ብላ ጠየቀች። ይህን አዴር ራሳቸው መለሱላት። "ቁሚ። ሞተሩን አጥፊ። ውረጂ። ውሃ እንደሌለሽ እስኪያውቁ ጠብቂ።"

ማብሪያ ማጥፊያዋን የገጠምኩት ያን ሰሞን ነው። በየሞተሩ የክላክስ ሽቦ መካከል የቤት ማብሪያ ማጥፊያ አስገባሁ። ከተማ ውስጥ ክፍት ነው፣ ለባጃጁም ለትራፊኩም ይጮሃል። ኬላውን ስታልፍ ታጠፋዋለህ። አቧራ እንዳይገባባት ከድሮ የመኪና ጎማ ቆርጬ ሽፋን ሠራሁላት። ኃላፊያችን መጥቶ አየና "ይህን ደንቡ አይከለክልም" ብሎ ሄደ። ለእሱ ይህ ትልቅ ቡራኬ ነው። ኬላው ላይ የቆሙት ፖሊሶችም ለመዱን፤ የእኛን ሞተር ሲያዩ "አጥፉ!" ይሉናል።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ዘነበ። ቦቴዎቹ ቀሩ፣ ብርካዎቹ ሞሉ። ሰው ቶሎ ረሳ፤ እንስሳቱ ግን እንደ ሰው አይረሱም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በደምበል መስመር ክላክስ ሲሰማ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ መንገዱ የምትራመድ ግመል አይቻለሁ። ግልገሏም ይከተላታል፤ ከእናቱ ነው የተማረው። አዲስ ሰልጣኝ በገባ ቁጥር እኔ እናገራለሁ፣ አዴር ፊት ይቀመጣሉ። አንድም ጊዜ አልቀሩም፤ ጉልበታቸውን አሟቸው በከዘራ የመጡበት ጊዜ አለ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ሞተረኞች ላይ እንዲያ ያለ ነገር አልደረሰም። ይህን ስል እንጨት ነው የምነካው።

ከዚያ እኔም ተራዬ ደረሰና ጡረታ ወጣሁ። የተካኝ አሠልጣኝ ጨዋ ልጅ ነው፤ የማብሪያ ማጥፊያዋን አገጣጠም በአንድ ቀን ነው የያዘው። ስለ ክላክሱ የምናገረውን በወረቀት ጻፍልኝ አለኝ፣ ጻፍኩለት። የመጀመሪያውን ሥልጠና ሰጠ ሲባል እፎይ አልኩ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ማርጀት የምችል መሰለኝ።

በማግስቱ አዴር በከዘራ መጡ። ሳሎን አስገባኋቸው፣ ፎቶዬ ስር ተቀመጡ። "ልጁ ጥሩ አነበበ" አሉ። ሌላ ነገር እንዳለ ገባኝና ጠበቅሁ። "አንዲት ሰልጣኝ ነው ያለው" አሉ። "አንዲት ሰልጣኝ በድርቁ ጊዜ አደጋ ደረሰባት ብሎ አለፈ።"

"እርስዎ አይናገሩም እንዴ አዴር? እዚያው ተቀምጠው?"

ከዘራቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዘዋወሩ። "አፌ ስሟን አይጠራም" አሉኝ። "ከዚያን ቀን ጀምሮ እምቢ ብሎኛል። ቤትም ውስጥ። እናቷም አትጠራውም፣ እኔ እንዳልሰማ። ስሟ የሚጠራው እዚያ ክፍል ብቻ ነው፤ አንተ ስትጠራው።"

ያኔ ወደኋላ ሄጄ አሰብኩ። ግቢያቸው ውስጥ ያን ረፋድ፣ በየሥልጠናው፣ በየመንገዱ ስንገናኝ፤ ልጄ ይላሉ፣ ልጅቷ ይላሉ። አንድም ቀን ሆዳን ሲሉ አልሰማሁም። ሁሌም የሚመጡት ሞተረኞቹ እንዲያምኑኝ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ አዲስ ሰልጣኞች ይገባሉ። ባለቤቴ "ጡረታ ወጣሁ አላልክም እንዴ?" ትላለች፣ ሸሚዜን ግን ተኩሳ ሰቅላዋለች። ስሄድ አዴር እንደ ሁልጊዜው ቀድመውኝ ፊት ወንበር ላይ ይሆናሉ። እኔ ሆዳን ኑር እላለሁ። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።